ጥሩ ዳቦ ሰዓት አለው

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዳቦ ካለ ደግሞ የበለጠ ይመቻል፤ ወሬው ስለ ዳቦ ነውና።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ አዲስ አበባ የደረሳችሁ ልጆች በየዓመቱ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። “ቲቸር፣ ዶርሙ እንዴት ነው?” “ቲቸር፣ ብርድ ልብስ ይዘን እንምጣ?” “ቲቸር፣ ታክሲው አያሳስትም ወይ?” ትላላችሁ። ዘንድሮ ግን አንዷ “ቲቸር፣ እዚያ ጥሩ ዳቦ የት ነው የሚገኘው?” ብላ ጻፈችልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ከሁሉም ጥያቄ በደንብ የምመልሰው ይህንኑ እንደሆነ ገባኝ። ስለ ዶርም የማውቀው ጥቂት ነው። ዳቦን ግን ሦስት ክረምት ሙሉ ተመራምሬበታለሁ።

እንደምታውቁት እናንተን ያስተማርኳችሁ በዲፕሎማ ነው። ዲግሪዬን የምማረው በክረምት ነው፤ እናንተ ስታርፉ እኔ ደብተሬን ይዤ አዲስ አበባ እገባለሁ። 2015፣ 2016፣ 2017፣ በቃ ሦስት ክረምት። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ለሦስት መምህራን ተከራይተን ነው የምንከርመው። አንዱ ከጎጃም ነው፣ አንዱ ከመንዝ፣ እኔ ከውጫሌ። የመምህር ደሞዝ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አልነግራችሁም፤ ግማሾቻችሁ ራሳችሁ መምህር ሆናችኋል። ከቤት ኪራይ፣ ከፎቶ ኮፒና ከታክሲ የተረፈው ነው ምሳ የሚሆነው፤ ምሳው ደግሞ ዳቦ ነው። ዳቦ በሻይ፣ ዳቦ በሙዝ፣ ገንዘብ የተገኘ ቀን ፉል በዳቦ። በቀን ሁለቴ የሚበላ ነገር ጥሩ ቢሆን ይሻላል ብለን ነው ፍለጋውን የጀመርነው።

ፍለጋ ሲባል ግን ሰው የሚፈልገው የሚያውቀውን ነው። እኛ ውጫሌ ያደግን ልጆች ዳቦ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን ድፎው ነው። ኮባ ተነጥፎለት፣ ከታችም ከላይም እሳት ሆኖለት፣ ጥቁር አዝሙዱ ገና ከደጅ የሚጠራችሁ። ድፎ የሚቆረሰው ሰው ሲሰበሰብ ነው፤ ለብቻው ድፎ የሚቆርስ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ቀጥሎ የቡሄ ሙልሙል አለ፣ ጅራፋችንን አጩኸን፣ ሆያ ሆዬ ብለን፣ ጉሮሯችን እስኪነቃ ጨፍረን የምንቀበለው። ሦስተኛው ከሱቅ የሚገዛው ነው፤ ፉርኖ የምንለው።

ፉርኖ ላይ ትንሽ ልቁም። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ በነሱ ቋንቋ የመጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ዱቄቱ ፉርኖ ተባለ፣ አንዳንድ ቦታ ዳቦው ራሱ ፉርኖ ሆነ። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ያልተኛችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘና ነገሩ አድዋ ድረስ ሄደ። ጣሊያን አንድ አንቀጽ በራሱ መንገድ ቢተረጉም ጦርነት መጣ። እኛ ፉርኖን በራሳችን መንገድ ብንተረጉም ዳቦ በላንበት። ቦምቦሊኖውም ፓስቲውም በዚያው በር የገቡ ናቸው። ስለዚህ የዳቦ ነገር ሲነሳ የውጫሌ ልጅ ትንሽ የመናገር መብት አለው ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ ላይ “ምርጡ ዳቦ ቤት የቱ ነው?” ብላችሁ አሥር ሰው ብትጠይቁ አሥር መልስ ታገኛላችሁ። ሁሉም የሚጠራላችሁ ሰፈሩ ያለውን ነው። ዕድሜ ጠገብ የሆኑት ፒያሳን ያነሳሉ፤ ፒያሳ ከተነሳ ደግሞ ኤንሪኮ ሳይነሳ አይቀርም። ኤንሪኮ እንኳ ኬክ ቤት ነው፣ ስሙ የወጣው ስስ ሆኖ በተደራረበው ሚልፎሊው ነው። ሌላው ሸዋ ዳቦ ይላል። ወጣቶቹ ሙልሙል ዳቦ ቤትን ይጠራሉ፤ እኔ ስሙን ስሰማ ቡሄ ትዝ ስለሚለኝ ሳልቀምሰው ነው የወደድኩት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው ሸገር ዳቦም አለ፤ ሲመረቅ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ መጋገር ይችላል የተባለለት። በየሰፈሩ ያሉት መሸጫዎቹ ፊት ያለውን ሰልፍ ስታዩ አሁንም ለስንት ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ሁሉንም ቀምሰናል፤ ክፉ የምለው የለኝም። ከወር በኋላ ግን ሦስታችንም አንድ ነገር ታዘብን። ከአንድ ቤት፣ በአንድ ዋጋ፣ ጠዋት የገዛነውና ከሰዓት የገዛነው ዳቦ ሁለት የተለያየ ዳቦ ነው። ጠዋት “አገኘነው!” ያልነውን ቤት ማታ እንሰርዘዋለን። ስሙን የያዘ ሰው ሁልጊዜ ጥሩ ዳቦ ይበላል ማለት አይደለም። ጥሩ ዳቦ ሰዓት አለው።

የዳቦ ቤት ቀን የሚጀምረው እኛ ተኝተን ሳለ ነው። ሊጡ ሌሊት ይቦካል፣ ይድቦለቦላል፣ ኩፍ ይላል። የመጀመሪያው ዳቦ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወጣል። ሁለተኛው የሚወጣው ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ነው፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ይዞ እንዲገባ። ስለዚህ ቀን 8 ሰዓት ላይ ዳቦ የገዛ ሰው የገዛው የጠዋቱን ነው፤ ቤቱ የፈለገውን ያህል ስም ቢኖረው። በኤሌክትሪክ የሚጋግር ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ “ሌሊት መብራት ነበር?” መብራት ጠፍቶ የቆየ ሊጥ ከሚገባው በላይ ይነሳና ይኮመጥጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሰዓት ስላለው አንድ ሳምንት አይታችሁ ያዙት። ሌላ ምስጢር የለውም።

መመርመሪያም አለን። ሦስታችንም ያዋጣነው ነው።

የመንዙ ጓደኛዬ በእጁ ይመዝናል። እኩል የሚመስሉ ሁለት ዳቦዎች አንስቶ ከበድ የሚለውን ይወስዳል። “ያኛው ነፋስ ነው፤ ለነፋስ አልከፍልም” ይላል። እርሾ የበዛበት ዳቦ ያብጣል፣ ሆድ ውስጥ ግን አይቆይም።

የጎጃሙ ደግሞ ገልብጦ ታችኛውን ያንኳኳል። በደንብ የበሰለ ዳቦ እንደ ባዶ እንስራ ይጮሃል። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ገና ሊጥ ነው። ዳቦ ሻጮቹ መጀመሪያ እንደ እብድ ያዩት ነበር፣ በኋላ ራሳቸው እያንኳኩ ማቀበል ጀመሩ።

የእኔ መመርመሪያ ማሳደር ነው። ትኩስ ዳቦ ሁሉም ይጣፍጣል፤ ትኩስነት ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዱን አሳድሩትና ጠዋት ቁረሱት። ጥሩ ዳቦ ይደርቃል እንጂ እንደ አሸዋ አይበተንም፣ ፍርፍር ቢሆን እንኳ ቅርፁን ይይዛል። የተማሪ ዳቦ ደግሞ ሁልጊዜ ያደረ ነው፤ ስለዚህ ያደረውን የሚያምር ቤት ፈልጉ።

በእነዚህ ሦስት ፈተናዎች በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቤት ብቻ አለፈ። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የነበረ፣ በሩ ጠባብ፣ ማስታወቂያ ያልሰቀለ፣ በእንጨት እሳት የሚጋግር ቤት። ያገኘነው በሽታው ነው፤ በዝናብ ተጠልለን ቆመን ሳለ ሽታው መጣ፣ ተከተልነው። ጋጋሪው ሽማግሌ ብጤ ነው፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት። ሁለት ቃል እንደተናገርኩ ቀና ብሎ “የት ነህ አንተ? ከአምባሰል አይደለህም?” አለኝ። ወሎዬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱም “ውጫሌ” ነው የሚለኝ፣ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ታስታውሱታላችሁ። ክልላችን ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ። ቤተሰቤ ውጫሌ፣ እኔ ሽሮ ሜዳ። በዚያ ሰሞን የጋሼ ዳቦ ቤት ሌላ ነገር ሆነ። የ10 ሰዓቱ ዳቦ ሲወጣ ከሰልፈኛው ግማሹ የኛው አገር ሰው ነው። “ደሴ መኪና ገባ ወይ?” “ከመርሳ የመጣ አለ?” “ሐይቅ እንዴት ነው?” ይባባላል። ሹፌሮችም ዳቦ የሚገዙት እዚያ ነበር፤ ጋሼ ወሬያቸውን ተቀብሎ ለባለቤቱ ያደርሳል። አንድ ማታ ዳቦዬን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ “ትናንት ከወልድያ የመጣ ልጅ በናንተ በኩል አልፏል፣ ሰላም ነው ብሏል” አለኝ። በቃ ይህችው ናት። እውነት እላችኋለሁ፣ ከአሥራ ምናምን ቀን በኋላ እንቅልፍ የወሰደኝ የዚያን ማታ ነው።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ 2016 ስመለስ፣ ሰፈሩ የለም። የኮሪደር ልማቱ በዚያው ዓመት ፒያሳ ላይ ደርሶ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ያማረውን አምሯል ማለት ተገቢ ነው። እኔ ግን የዳቦ ቤቱ በር የቱ ጋ እንደነበር በእርምጃዬ ስለካ ብዙ ቆምኩ። ሊስትሮ ጠየቅሁ፣ የታክሲ ረዳት ጠየቅሁ፤ ማንም አያውቅም። ስልኩን የያዝኩት አልነበረም፣ ዳቦ ለመግዛት ስልክ ማን ይለዋወጣል?

ያ ክረምት ደግሞ ሌላም ነገር ነበረው። በዚያው ሐምሌ መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከዚያ በኋላ የዕቃ ዋጋ ወሬ የሁላችን ወሬ ሆነ። ስንዴ ቀድሞም ከየካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት ወዲህ ወጣ ገባ ሲል ነበር። ተማሪ ሳለሁ በሁለት ብር የምገዛው ዳቦ አሁን አሥር ብር ይዤ ስሄድ ያንኑ አያህልም። ዋጋ ሲጨምር ዳቦ ቤት ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ብሩን መጨመር፣ ወይ ዳቦውን ማሳነስ። ብዙው ቤት በዝምታ ያሳንሳል፤ ሰውም በዝምታ ይገዛል። አንድ ሰሞን የምንገዛበት ቤት ግን በካርቶን ላይ በእጅ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ዱቄት በመጨመሩ ዳቦው በዚህን ያህል ግራም ቀንሷል፣ ይቅርታ፣ ይላል። ዳቦው መካከለኛ ነበር። እኛ ግን ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ቤት አልወጣንም። ይህ አራተኛው መመርመሪያችን ሆነ፦ ሲያሳንስ የሚነግርህ ቤት።

ጋሼን ያገኘሁት በሦስተኛው ክረምት ነው። አንዲት ድሮ በሩ ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረች እናት ስድስት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ አየችኝና “ያ የዳቦው ሰውዬ እኮ አያት አለፍ ብሎ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው ያለው” አለችኝ። ቅዳሜን ጠብቄ ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። አገኘሁት። “ውጫሌ!” አለ፣ በዱቄት እጁ ሳመኝ።

ዳቦውን ቆረስኩ። ያው አይደለም። ምንም ሳልናገር ፊቴን አይቶ፣ “አውቃለሁ” አለኝ። “እጁ የኔ ነው፣ ምድጃው የሰው ነው። የእንጨቱን ምድጃ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፣ የት ጋ እንደሚያኮርፍ፣ የት ጋ እንደሚቸኩል። ይሄ የኤሌክትሪኩ ገና ስሜን አያውቅም። አሁን ግን ትንሽ ትንሽ እየተግባባን ነው።”

አንዱ የድሮ ተማሪያችን ኒው ዮርክ ነው የሚኖረው፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። እዚያ ሰው የሚሰለፍለትን ዳቦ ፎቶ ልኮልኝ ስለነበር ለጋሼ አሳየሁት። ቤግል ይሉታል፤ መሃሉ ቀዳዳ፣ እንደ ቀለበት። ከምሥራቅ አውሮፓ የሄዱ አይሁድ ናቸው ይዘውት የገቡት። ጉዱ ምኑ ላይ ነው፣ ሊጡን መጀመሪያ በፈላ ውሃ ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ነው የሚጋግሩት። ከተሜው ደግሞ የማን ይበልጣል እያለ ይከራከራል፤ ምስጢሩ የከተማው ውሃ ነው የሚልም ብዙ ነው። ጋሼ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋና፣ “ቀቅሎ መጋገር? ሁለት ጊዜ ማገዶ!” አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “የውሃው ነገርስ እውነት ነው። እኔም እዚህ ስመጣ ውሃው ተቀይሮብኛል” አለ። ቀጥሎ ጣቱን ከኋላ ወደሚታየው ሰልፍ ሰደደና፣ “ሰዉ ግን የኛን ይመስላል” ብሎ ስልኬን መለሰልኝ።

አሁን አዲስ ለምትገቡት የምለውን ልበልና ላብቃ። ይሄ ሁሉ የዳቦ ወሬ ወዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጎበዝ ልጃችን ከተማ ደረሰው። ካፌው ራት ላይ ያላማረው ቀን ወይ ሰዓቱ ያለፈበት ቀን ጾሙን ያድራል። ውጭ ወጥቶ ባዶ ዳቦ ሲገምጥ ጓደኞቹ እንዳያዩት ያፍራል። ብር ሲያገኝ ደግሞ ከነሱ ጋር ኬክ ቤት ገብቶ በአንዴ ይጨርሰዋል፣ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ሆድ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሁለት ኮርስ ወደቀ። ለእረፍት ሲመጣ ፊቱን አይቼ “ታመህ ነበር?” ብለው፣ “ቲቸር፣ መራብ ነው” አለኝ። ክፍል ውስጥ አንደኛ የነበረ ልጅ ነው። ትምህርቱ ከብዶት አልነበረም።

ስለዚህ እባካችሁ፦ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ላይብረሪው የት እንደሆነ ሳትጠይቁ በፊት፣ ከግቢያችሁ በእግር የሚደረስ አንድ ዳቦ ቤት ያዙ። ስም ያለው መሆን የለበትም። ዳቦ የሚወጣበትን ሰዓት እወቁ። አንሱና መዝኑት፣ ገልብጣችሁ አንኳኩት፣ አንዱን አሳድሩት። ለሚጋግረው ሰው ሰላምታ ስጡ፣ ከየት እንደመጣችሁ ንገሩት። ኪሳችሁ ባዶ የሆነ ቀን “ነገ ታመጣለህ” የሚላችሁ እሱ ነው። ዶርማችሁ ውስጥ ከሩቅ የመጣ፣ ዝም ያለ፣ “በልቻለሁ” የሚል ልጅ ካለ ደግሞ ሁለት ገዝታችሁ ግቡ። ባዶ ዳቦ ይጣፍጣል፤ ለሁለት ሲቆረስ ደግሞ ባዶ አይባልም።

ባለፈው ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ከጋሼ ዘንድ አሥራ ሁለት ዳቦ ይዤ ሽሮ ሜዳ ገባሁ። ማታ ልጆቹ ዱላቸውን እየደበደቡ በራችን ላይ ጨፈሩ፣ እኔም ሙልሙል አቅራቢ አባወራ መስዬ ወጥቼ ማደል ጀመርኩ። አንዱ ትንሽዬ ዳቦውን ተቀብሎ አየውና፣ “ጋሼ፣ ብር የለም?” አለኝ። “መምህር ነኝ” አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ገመጠው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞር አለና አፉ እንደሞላ፣ “የት ነው የገዛኸው?” አለኝ።

አያት አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ። ምድጃው ስሙን ማወቅ ጀምሯል።

እናንተስ? ደሴም ሁን ባሕር ዳር፣ ጅማም ሁን ሐዋሳ፣ ዋሽንግተንም ሁን ጅዳ፣ የሰፈራችሁን ዳቦ ቤት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስሙ ቢጠፋችሁ ግድ የለም፤ ዳቦው የሚወጣበትን ሰዓት ብቻ አትርሱ።

ሰላም ዋሉ።